በጎጃም የክትባት አስተማሪዎች ሥልጠና

በጎጃም ገጠር ስለ ክትባት ቤት ለቤት እየዞሩ የሚያስተምሩት በዋናነት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ናቸው። መርሐ ግብሩ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር፣ 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ ወጣት ሴቶች ለ1 ዓመት ሠልጥነው በየቀበሌው ጤና ኬላ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲመደቡ ታስቦ ነበር። ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ የሴቶች ልማት ቡድን መሪዎች፣ መምህራንና ካህናትም ያግዟቸዋል።

መደበኛው የክትባት ፕሮግራም በኢትዮጵያ በ1972 ዓ.ም. ተጀምሮ እየሰፋ መጥቷል፤ ፀረ አምስት (አምስት በሽታዎችን በአንድ ላይ የሚከላከለው ክትባት) በ1999፣ የሳንባ ምች ክትባት በ2004፣ የሮታ (የተቅማጥ መከላከያ) በ2006፣ የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ተጨምረዋል። ስለ ኩፍኝ በልበ ሙሉነት ታስረዳ የነበረች ባለሙያ የ14 ዓመት ልጃገረድ አባት ስለ ማኅፀን በር ካንሰር ክትባት «ልጄን መካን ሊያደርጋት ነው?» ብሎ ሲያፋጥጣት መልስ ሊያጥራት ይችላል። ዕውቀት ማደሻ ሥልጠና የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሠልጣኟ ለእናት አራት ነገር ሳትነግር እንዳታሰናብት ትማራለች፦ ክትባቱ ከምን እንደሚከላከል፣ ምን ሊያስከትል እንደሚችል፣ ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ እንደሆነና ካርዱን ይዛ እንድትመጣ። በጥድፊያ የሚዘለለው ሁለተኛው ነው፤ ጉዳቱም የከፋ ነው። የቲቢ ክትባት የተሰጠበት ክንድ ከሳምንታት በኋላ እብጠት ያወጣል፣ ይመግላል፣ ጠባሳ ትቶ ይድናል። አስቀድማ የተነገራት እናት አትደነግጥም፤ ያልተነገራት ግን «ልጄን አቆሰሉብኝ» ብላ ለጎረቤት ታወራለች፤ ያንን ወሬ በፖስተር መመለስ አይቻልም። ስለዚህ ንግግር በቃል ከማጥናት ይልቅ የሚጠቅመው ልምምድ ነው፤ አንዷ ባለሙያ፣ ሌላዋ ተጠራጣሪ አማት ሆነው ይከራከራሉ። «ይህን አላውቅም፣ ጤና ጣቢያ ጠይቄ እመለሳለሁ» ማለትም ይለማመዱታል።

በጎጃም ሥልጠናው ሊዘነጋው የማይገባ ሌላ ጉዳይ የክርስትና ቀን ነው። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። ፀረ አምስት በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣል፤ የሴት ልጅ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀጠሮዎች ክርስትና ሳትነሣ ይደርሳሉ ማለት ነው። አራሷ ቤተ ክርስቲያን አትገባም እንጂ ጤና ኬላ እንዳትሄድ የሚከለክላት ሥርዓት የለም። ይህን የንስሐ አባት ሲናገሩት የበለጠ ይሰማል።

እምነት የሚጠፋው ግን በወሬ ብቻ አይደለም። የኩፍኝ ክትባት ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ሕፃናት ስለሆነም ልጆች እስኪሰበሰቡ መጠበቅ የተለመደ ነው። ከጮቄ ተዳፋት ወይም ከዓባይ በረሃ ልጇን አዝላ የመጣች እናት «ሌላ ቀን ነይ» ከተባለች ተመልሳ ላትመጣ ትችላለች። ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች የክትባት ቀኑን በዕድርና በሰንበቴ ቀድመው ያስነግራሉ፤ ለመጣ አንድ ልጅም ቢሆን ብልቃጡን ይከፍታሉ።