ወደ ወጨጫ ጫፍ ለምትወጡ ምእመናን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ክረምቱ አልፎ ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ሲጠራ የጽዋ ማኅበራትና ሰንበት ተማሪዎች በመናገሻ ሱባ ደን አድርገው ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ወዳለው ወጨጫ ተራራ መውጣት ያስባሉ። መልካም ነው። ግን ረፋድ ላይ ተነሥቶ፣ በግማሽ ሊትር ውኃ «እግዚአብሔር ይጠብቀናል» ማለት እምነት አይደለም። ሰይጣን ጌታችንን ራስህን ወደ ታች ጣል ሲለው የጠቀሰው የመላእክትን ጥበቃ የሚናገረውን መዝሙር ነበር። ጌታም ጌታን አምላክህን አትፈታተነው ብሎ መለሰለት (ማቴ 4፥5-7)።

የወጨጫ ጫፍ 3,385 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ መሀል 1,000 ሜትር ያህል ይበልጣል። በዚህ ልዩነት ብርዱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፣ አየሩም በባሕር ዳርቻ ካለው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በላብ የራሰ ሰው ጫፍ ላይ ነፋስ ሲያገኘው ቶሎ ይንቀጠቀጣል። ደረቅ ሹራብና ነፋስ የሚከላከል ጃኬት በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙ፤ ስትደርሱ ሳይበርዳችሁ ልበሱ።

ቅዳሜ ቢሆን ይሻላል። ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ ዳገት መውጣት ራስ ምታትና መዞር ያመጣል። በነቢያት ጾምም ቢሆን ቅዳሜ የሰዓት ጾም ስለሌለ በጠዋቱ የጾም ምግብ መብላት ይቻላል። ለአንድ ሰው 3 ሊትር ውኃ፣ ጭብጦ፣ ቆሎና ሁለት ብርቱካን ይበቃል። ኤልያስ ወደ ኮሬብ ሲሄድ መልአኩ መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ አለው፤ እንጎቻና ውኃም አቀረበለት (1ኛ ነገ 19፥5-8)። መልአክ ስንቅ ካቀረበ፣ እኛ ስንቅን የምንንቀው ለምንድን ነው?

ሰዓቱን እንዲህ አስሉ፦ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት፤ በዚያ ላይ ለዕረፍት ሲሶውን ጨምሩ። ከከተማ ንጋት 12 ሰዓት ተነሥታችሁ፣ በደን ጽሕፈት ቤቱ ተመዝግባችሁ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ 1:30 ላይ የእግር ጉዞ ጀምሩ። 7 ሰዓት ላይ የትም ብትሆኑ ተመለሱ። ጫፉ አሥር ደቂቃ ቢቀረውም ተመለሱ።

ከሁሉ የሚከብደው አብሮ መሄድ ነው። ጎበዞቹ ቀድመው ያርፋሉ፤ ደካማው ሲደርስባቸው እነርሱ ይነሣሉ፤ እርሱ ግን አላረፈም። ያዕቆብ ከዔሳው ጋር ሲገናኝ፣ ልጆቹ ለጋ ናቸው፣ መንጋውም አንድ ቀን ቢቸኩል ያልቃል፣ እኔ በእነርሱ እርምጃ ልከተልህ አለ (ዘፍ 33፥13-14)። ስለዚህ ቀርፋፋውን ከመሪው ቀጥሎ አድርጉት፣ ብርቱውን ከኋላ። እየሄዱ «አቡነ ዘበሰማያት» መድገም ካልተቻለ ፍጥነቱ በዝቷል። እርምጃው አጭር ይሁን፤ በየ50 ደቂቃው 5 ደቂቃ እረፉ።

ደኑ ውስጥ ጥዱ፣ ዝግባውና ኮሶው ጥላ ነው፤ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ ሊገጥሟችሁ ይችላሉ። የጥዱን ዘር ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ከፍ ሲል አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ይጀምርና ዐለቱ ይገለጣል። እዚያ ከሁለቱ እጅና ከሁለቱ እግር ሦስቱ ሁልጊዜ ዐለቱን ይያዙ፤ የድንጋይ ሽበት ያበቀለ እርጥብ ዐለት አትርገጡ፣ ያንሸራትታል።

ከጫፉ በጠራ ቀን አዲስ አበባ በምሥራቅ ተዘርግታ ትታያለች፣ እንጦጦ ከኋላዋ፤ በደቡብ ምሥራቅ የፉሪ ተራራ፣ ከዚያ ማዶ የረር፣ ራቅ ብሎ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ዝቋላ። 2,989 ሜትር የሆነው ዝቋላ ከእናንተ በታች ነው። መዝሙር 120ን («ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ» የሚለውን) እዚህ ድገሙት፣ ግን ከገደሉ ጠርዝ ሦስት ሜትር ርቃችሁ። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ጸሎቱን እየወረዳችሁ ጨርሱት፤ ዐለት ጫፍ ላይና ለብቻው በቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ።

ጴጥሮስ በታቦር በዚህ መሆን ለእኛ መልካም ነው አለ፤ ጌታ ግን ይዟቸው ወረደ፣ ታማሚው ልጅም ከታች ይጠብቅ ነበር። ብዙ ሰው የሚወድቀው ሲወርድ ነው፦ የታፋ ጡንቻ ክብደቱን እየተዘረጋ ስለሚይዝ ዝሎ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡናም ጉዞው ያለቀ ይመስለዋል። ከመውረዳችሁ በፊት የጫማ ማሰሪያ ቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቁ፣ አለዚያ ጣት ከጫማው ጫፍ ጋር እየተጋጨ ጥፍር ይጠቁራል። ጉልበታችሁን ጥቂት እጠፉ፣ በዱላ ተደገፉ፣ ሊትር ውኃ ለዚህ አስቀሩ። የደኑ በር ስትደርሱ መኪና ከመግባታችሁ በፊት ሰዉን በስም ቁጠሩ።