«ሲሚላሪቲ 18 በመቶ» ማለት ሰርቀሃል ማለት ነው?

ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ የሚማር ሰው ቴሲሱን (የመመረቂያ ጽሑፉን) ሊያስገባ ሲል፣ ጽሑፉ ከሌሎች ሥራዎች ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል (ሲሚላሪቲ) የሚለካው ሶፍትዌር ያወጣለትን ይህን ቁጥር አይቶ ይደነግጣል። ቆይ፣ ሶፍትዌሩ ሌባ አይለይም። የሚያየው ተመሳሳይ የቃላት ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ካላስወጣችሁለት በቀር በትእምርተ ጥቅስ ያስቀመጣችሁትንም፣ የዋቢ ዝርዝሩንም፣ «ዳታው ለማሠልጠኛና ለመፈተኛ ተከፈለ» የሚለውን ሁሉም የሚጽፈውን ዓረፍተ ነገርም ይቆጥራል።

ስለዚህ 18 በመቶው ከብዙ ቦታ ጥቂት ጥቂት የተለቀመ ከሆነ ብዙም አያስፈራም። 6 በመቶ ሆኖ ከአንድ ሰው ሥራ የተገለበጠ ሙሉ አንቀጽ ከሆነ ግን ጉድ ነው። ቃላቱን ቀያይሮ ሐሳቡን ሳይጠቅሱ መውሰድማ ቁጥሩ ላይ ላይታይም ይችላል፤ ስርቆትነቱ ግን አይቀርም። (የአዴት ጤፍ ከረጢት ቢቀየርለት ያው የአዴት ጤፍ ነው።) የሚፈቀደውን የሲሚላሪቲ ጣሪያ ትምህርት ክፍላችሁን ጠይቁ፤ ሁሉም ጋ አንድ አይደለም።