የፊንላንድ ሥነ ጽሑፍ፦ ፊደል ከመቁጠር እስከ ልብ ወለድ

የፊንላንድ ሥነ ጽሑፍ የሚጀምረው ከአንዲት የፊደል መማሪያ ነው። ካህኑ ሚካኤል አግሪኮላ፣ ኋላ የቱርኩ ጳጳስ የሆነው፣ በ1543 ያሳተማት ይህች መጽሐፍ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፊንላንድኛ የታተመች የመጀመሪያዋ ስትሆን፣ ሽማግሌውም ወጣቱም እንዲማር በሚጋብዝ ግጥም ትከፈታለች። አግሪኮላ የተረጎመው አዲስ ኪዳንም በ1548 ታተመ። ከዚያ በኋላ ግን ቋንቋው ለረጅም ዘመን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ብዙም አልራቀም። አገሪቱ እስከ 1809 በስዊድን ሥር ስለነበረች ትምህርቱም ፍርዱም በስዊድንኛ ነበር፤ ሩሲያ ከያዘቻት በኋላም የተማረው ሰው ቋንቋ ወዲያው አልተለወጠም።

ገበሬው ግን የራሱ ግጥም ነበረው። የልብስ ሰፊ ልጅ የሆነው ሐኪም ኤልያስ ሎንሮት ይህን የቃል ግጥም ለመሰብሰብ ከሩሲያ ጋር በሚዋሰነው የካሬሊያ ምድር መንደሮች ተዘዋወረ። በ1834 ያገኘው አርሂፓ ፔርቱኔን የተባለው አዛውንት፣ አባቱ ዓሣ ለማጥመድ ሲወጣ ከጓደኛው ጋር እሳት ዳር እጅ ለእጅ ተያይዞ ሌሊቱን ሙሉ ሲያዜም እንደሚያድርና አንዱን ግጥም ሁለቴ እንደማይደግም አጫውቶታል። ከእንዲህ ያሉ ሰዎች አፍ የተለቀመው «ካሌቫላ» የተባለው ረጅም የጀግኖች ግጥም በ1835 ታተመ፤ በ1849 ደግሞ ሰፍቶ 50 መዝሙሮችና 22,795 ስንኞች ያሉት ሆነ። ግጥሙ እንደ አማርኛ ግጥም በስንኝ መጨረሻ ቤት አይመታም፤ ውበቱ ያለው በቃላቱ መነሻ ድምፅ መመሳሰልና ያለፈው ስንኝ ያለውን ተከታዩ በሌላ ቃል መልሶ በማለቱ ነው። ሎንሮት ያገኘውን እንዳለ አላስቀመጠም፤ መርጧል፣ አዛምዷል፣ ማያያዣ ስንኞችንም ራሱ ጽፏል። ስለዚህ የሕዝብ ሥራም የሎንሮት ሥራም ነው ቢባል የሚቀል ይመስለኛል።

በዚያው ዘመን ዮሃን ሉድቪግ ሩኔቤሪ በስዊድንኛ ይጽፍ ነበር። የፊንላንድ ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የእርሱ ነው፤ ፊንላንዳውያንም በየዓመቱ ፌብሩዋሪ ወር ላይ በስሙ የሚጠራ ኬክ ይበሉለታል።

የመጀመሪያው ትልቅ የፊንላንድኛ ልብ ወለድ በ1870 የወጣው የአሌክሲስ ኪቪ «ሰባት ወንድማማቾች» ነው፤ ጉዳዩም መልሶ ፊደል ነው። ማንበብ የማይችል ሰው ቤተ ክርስቲያን ለቁርባን ስለማትቀበለው ማግባትም አይችልም፤ እነዚህ ጎረምሶች ግን ፊደል መቁጠሩ ሞት ሆነባቸው። ፀጉር እየጎተተ ከሚያስተምራቸው የደብሩ አገልጋይ በመስኮት አምልጠው ኋላ ጫካ ገብተው ኖሩ። በመጨረሻ ወደ ርስታቸው ተመልሰው ማንበብ ይማራሉ፤ ታናሽየው እንዲያውም ለጋዜጣ የሚጽፍ ሰው ይሆናል። ነገሩ ያስቃል፤ ሳቁ ግን ከገበሬዎቹ ጋር እንጂ በገበሬዎቹ ላይ አይደለም። የፊንላንድኛ ፕሮፌሰሩ ኦገስት አልክቪስት ይህን አልተቀበለም፤ የአገሩ ሕዝብ እንዲህ ያለ ባለጌ አይደለም በሚል መንፈስ መጽሐፉን ክፉኛ አብጠለጠለው። በድህነትና በአእምሮ ሕመም የተጎዳው ኪቪ በ1872 የዓመቱ መጨረሻ ቀን በ38 ዓመቱ አረፈ፤ መጀመሪያ በክፍል በክፍል የወጣው ልብ ወለዱ በአንድ ጥራዝ ሆኖ የወጣው ከሞተ በኋላ ነው። ዛሬ የልደቱ ቀን፣ ኦክቶበር 10፣ የፊንላንድ ሥነ ጽሑፍ ቀን ሆኖ ይከበራል።

ከእርሱ በኋላ መንገዱ ሰፋ። ሰባት ልጆች ይዛ ባሏ የሞተባት ሚና ካንት በኩዎፒዮ ከተማ የጨርቅ ሱቅ እያስተዳደረች ተውኔት ትጽፍ ነበር፤ በ1885 በመድረክ የታየው «የሠራተኛው ሚስት» ያገባች ሴት በገዛ ገንዘቧ ማዘዝ የማትችልበትን ሕግ ፊት ለፊት የሚሞግት ነው። ፍራንስ ኤሚል ሲላንፓ በ1939 የኖቤል ሽልማትን ሲያገኝ አገሩ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ወደ ጦርነት እየገባች ነበር። ሚካ ዋልታሪ በ1945 ባሳተመው «ግብፃዊው ሲኑሄ» ጥንታዊቷን ግብፅ መድረክ አድርጎ ዓለም አቀፍ አንባቢ አገኘ።

የጦርነቱን ነገር የጻፈው ግን በታምፔሬ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ቫይኖ ሊና ነው። በ1954 የወጣው «ያልታወቀው ወታደር» አንድ የመትረየስ ክፍል ከ1941 እስከ 1944 በተካሄደው ሁለተኛው ጦርነት በሶቪየት ግንባር ያሳለፈውን ይተርካል። ወታደሮቹ እያንዳንዳቸው በየአገራቸው ዘዬ ያወራሉ፣ ይሳደባሉ፣ አለቆቻቸውን ይቀልዱባቸዋል። እንደ ኪቪ ሁሉ ሊናም የተራውን ሰው አፍ ሳያሳምር በማቅረቡ ተወቅሷል፤ አንባቢው ግን መጽሐፉን ተሻማበት።

በስዊድንኛ የሚጽፉትም አልተቋረጡም። ኤዲት ሶደርግራን በ1916 ባወጣችው የመጀመሪያ መድበሏ ቤት መምታትን ትታ ለአዲሱ ግጥም በር ከፈተች። ሙሚን የተባሉትን ምናባዊ ፍጡራን ቤተሰብ የልጆች ተረቶች የደረሰችው ቶቬ ያንሶን ሥዕሎቹንም የሣለችው ራሷ ነች። ሦስተኛም ቋንቋ አለ፤ በሰሜኑ ጫፍ ከሚኖረው የሳሚ ነባር ሕዝብ የወጣው ገጣሚ ኒልስ አስላክ ቫልኬአፓ በእናት ቋንቋው በጻፈው መድበል በ1991 የሰሜን አውሮፓ አገሮች ጉባኤ የሆነውን የኖርዲክ ካውንስልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ወሰደ። በ2010 ይኸው ሽልማት የደረሳት ሶፊ ኦክሳኔን፣ እናቷ ኢስቶኒያዊት ስትሆን፣ «ማጥራት» በተባለው ልብ ወለዷ በሶቪየት ዘመን በኢስቶኒያ ሴቶች ላይ የደረሰውን በፊንላንድኛ ጽፋለች።