ለመድረክ ቀረጻ የሚሆን የማይክሮፎን ፕሪአምፕ አመራረጥ

ከማይክሮፎን የሚወጣው ሲግናል በሚሊቮልት የሚለካ ደካማ ሲግናል ነው። ፕሪአምፕ ይህን ሲግናል መቅረጫው ወደሚፈልገው የላይን ደረጃ፣ ማለትም +4 ዲቢዩ (ዲቢዩ ቮልትን በዴሲቤል የሚገልጽ መለኪያ ነው) ወይም 1.23 ቮልት ገደማ፣ ያሳድገዋል። ስቱዲዮ ውስጥ ምርጫው ብዙ ጊዜ በድምፁ ቀለም ይወሰናል። ለመድረክ ሲሆን ግን ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ፕሪአምፑ ክሊፕ ሳያደርግ፣ ማለትም የሲግናሉን ጫፍ ሳይቆርጥ፣ የሚሸከመው ትልቁ ሲግናል ነው።

ምክንያቱን ቁጥሩ ያሳያል። ሹር ኤስኤም58 የተባለው የዘፋኝ ማይክ በ94 ዴሲቤል የድምፅ ግፊት 1.85 ሚሊቮልት ያህል ያወጣል። ዘፋኙ ማይኩን አፉ ላይ አስጠግቶ ግፊቱን 114 ዴሲቤል ቢያደርሰው 18.5 ሚሊቮልት ይሆናል፤ ለዚህ 36 ዴሲቤል ጌይን (የማሳደጊያ መጠን) ይበቃል። በፓስካል፣ ማለትም በ94 ዴሲቤል ግፊት፣ 20 ሚሊቮልት የሚሰጥ ኮንደንሰር (በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራ ማይክ) ደግሞ 134 ዴሲቤል በሚደርስ ከበሮ ፊት ቢቆም 2 ቮልት ያወጣል። ይህ ጌይን ሳይጨመርበት ከላይን ደረጃ አልፏል። ስለዚህ 20 ዴሲቤል የሚቀንስ ፓድ የሌለው ፕሪአምፕ ለከበሮ አይመከርም። ክሊፕ የሚያደርገው የማይኩ የራሱ ሰርኪዩት ከሆነ ግን የፕሪአምፑ ፓድ አያድንም፤ ማይኩ ላይ ያለውን ፓድ መጠቀም ያስፈልጋል። እጅግ ሰፊ የሲግናል መጠን የሚይዘው ባለ 32 ቢት ፍሎት መቅረጫም ቢሆን ከእርሱ በፊት የተቆረጠን ሲግናል አይመልስም።

የጀርባ ኖይዝን፣ ማለትም መሣሪያው ራሱ የሚፈጥረውን ሽሽታ፣ በተመለከተ ገዢዎች ከሚገባው በላይ ይጨነቃሉ። የ150 ኦም ምንጭ በራሱ ሙቀት ብቻ −131 ዲቢዩ አካባቢ ኖይዝ አለው (ቁጥሩ ወደ ታች በሄደ መጠን ኖይዙ ያንሳል)፤ ጥሩ ፕሪአምፖች ከ−127 እስከ −129 ይደርሳሉ። ታዳሚ በሞላበት አዳራሽ ይህ ልዩነት አይሰማም። ደካማ ሲግናል በሚያወጣው ሪበን ማይክ ከሩቅ ለሚቀረጽ ለስላሳ መሣሪያ ግን ዋጋ አለው።

ብዙዎች ሳያዩት የሚያልፉት የፋንተም ፓወር፣ ማለትም ፕሪአምፑ በማይኩ ኬብል በኩል ለኮንደንሰር የሚልከው ኃይል፣ አቅም ነው። መስፈርቱ ለአንድ ባለ 48 ቮልት ማይክ እስከ 10 ሚሊአምፒር ይፈቅዳል። ስምንት እንዲህ ያሉ ማይኮች 3.8 ዋት ገደማ ይጠይቃሉ፤ የዩኤስቢ 2.0 ወደብ ደግሞ በመስፈርቱ የሚሰጠው 2.5 ዋት ነው። ኃይል ሲያንስ ቮልቱ ይወርዳል፣ ኮንደንሰሮቹም ያለጊዜያቸው ክሊፕ ማድረግ ይጀምራሉ። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ከአንድ ቻናል በቀር ሁሉም ላይ ኮንደንሰር ሰክቶ፣ ባዶ በቀረው ቻናል ኤክስኤልአር ፒን 1 እና ፒን 2 መካከል በመልቲሜትር መለካት። ንባቡ ከ44 እስከ 52 ቮልት መሆን አለበት።

ቀረጻው ከአዳራሹ ሚክሰር ጋር አንድ ፕሪአምፕ ከተጋራ፣ የሳውንድ ባለሙያው በትርዒቱ መሐል ጌይን በነካ ቁጥር ቅጂውም አብሮ ይለወጣል። የተሻለው መንገድ ትራንስፎርመር ያለው ስፕሊተር (የማይኩን ሲግናል ለሁለት የሚከፍል ሣጥን) አስገብቶ ለቀረጻው የራሱን ፕሪአምፕ መስጠት ነው። ትራንስፎርመሩ ሁለቱን ግራውንዶች ስለሚለያይ ጉምጉምታን ይከላከላል። ፋንተም ፓወር ግን አያሳልፍም፤ ስለዚህ ኃይሉ መሰጠት ያለበት በስፕሊተሩ ቀጥተኛ መውጫ በኩል፣ ከአንድ ወገን ብቻ ነው።

ሙዚቀኞች በትርዒቱ ሰዓት ከሳውንድ ቼኩ ይልቅ ጠንከር አድርገው ስለሚጫወቱ፣ በሙከራው ላይ ከፍተኛው ጫፍ ከ−12 ዲቢኤፍኤስ (0 የዲጂታል መቅረጫው ጣሪያ የሆነበት መለኪያ) እንዳያልፍ ጌይኑን ዝቅ አድርጎ መተው ይበጃል።