የማህፀን ካንሰር በደም ጠብታ ይታወቃል? ስለ ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚባለውና እውነታው

«ማይክሮ አር ኤን ኤ በሚባል የደም ምርመራ የማህፀን ካንሰር ገና ሳይጀምር ይያዛል» የሚል ነገር በማህበራዊ ሚዲያ ሲዞር አይታችሁ ይሆናል። ከጀርባው እውነተኛ ሳይንስ አለ። ግን የሚወራው ከሳይንሱ ቀድሞ ሄዷል። እኔን የሚያሳስበኝ ደም የታያት እናት ይህን አንብባ «ምርመራው ይምጣና» ብላ ቤቷ እንዳትቀመጥ ነው። የማወራው ስለ ማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ካንሰር ነው፤ ከማህፀን በር ካንሰር የተለየ በሽታ ነው።

«ማይክሮ አር ኤን ኤ የኮሮና ክትባት ውስጥ ያለው ነገር ነው።»
አይደለም። በአንዳንዶቹ የኮሮና ክትባቶች ውስጥ ያለው መልእክተኛው ኤም አር ኤን ኤ ነው፤ ለሴል ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ የሚነግር ረጅም ሰንሰለት። ማይክሮ አር ኤን ኤ ግን 22 ገደማ የዘረመል ፊደላት ብቻ ያሉት ቁራጭ ሲሆን ሰውነታችን ራሱ ያመርተዋል። ሥራው መልእክተኛው ላይ ተለጥፎ ፕሮቲኑ እንዳይመረት ማፈን ነው። ተመራማሪዎቹ ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ረቭከን እ.ኤ.አ. በ1993 አንድ ሚሊሜትር በምታህል ትል ውስጥ ማግኘታቸውን ይፋ አደረጉ፤ በ2024 የኖቤል ሽልማት አገኙበት።

«እያንዳንዱ ካንሰር የራሱ ማይክሮ አር ኤን ኤ አለው፤ እሱ ከተገኘ በቃ፣ ካንሰር ነው።»
ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በዚህ ካንሰር ጥናቶች ላይ ደጋግመው የሚነሱት ሚር-205፣ የሚር-200 ቤተሰብና ሚር-21 ናቸው («ሚር» የማይክሮ አር ኤን ኤ አጭር ስም ነው፣ ቁጥሩ አንዱን ከሌላው ይለያል)፤ ከዕጢው በተወሰደ ናሙና ውስጥ ከጤነኛው ሽፋን በዝተው ተገኝተዋል። ሚር-21ን ብቻ እንይ። የሴሎችን እድገት የሚገታውን ፒ-ቴን የተባለ ዘረመል ያፍናል፤ ይህ ዘረመል ደግሞ በዚህ ካንሰር ብዙ ጊዜ ተበላሽቶ የሚገኝ ስለሆነ፣ ግኝቱ ከበሽታው አካሄድ ጋር ይገጥማል። ግን ሚር-21 በጡት፣ በሳንባና በአንጀት ካንሰርም ይጨምራል። ካንሰር በሌለበት፣ ሰውነት ሲቆጣም ይጨምራል። ስለዚህ ደም ውስጥ በዝቶ ቢገኝ «የሆነ ነገር አለ» ይል ይሆናል እንጂ «ማህፀንሽ ውስጥ ነው» አይልም። ተመራማሪዎች አንዱን ለብቻው ከማየት የበርካቶቹን ድምር ወደ ማየት የሄዱት ለዚህ ነው፤ እዚያም ቢሆን የአንዱ ቡድን ዝርዝር ከሌላው ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

«ጥናቱ ከ90 በመቶ በላይ ትክክል ነው ካለ አለቀ።»
አላለቀም! መጀመሪያ እነማን ከእነማን ጋር እንደተነጻጸሩ ጠይቁ። ብዙዎቹ ጥናቶች ካንሰሩ የታወቀላቸውን ጥቂት ሴቶች ፍጹም ጤነኛ ከሆኑት ጋር ያወዳድራሉ። ሐኪም ፊት የምትቀርበው ግን ደም የሚፈስሳት፣ ምናልባት ፖሊፕ (ሽፋኑ ላይ የሚበቅል ትንሽ እብጠት)፣ ምናልባት የሽፋኑ መሳሳት፣ ምናልባት ካንሰር ያለባት ሴት ናት። እነዚህን መለየት ነው ከባዱ። ሌላው የደሙ አያያዝ ነው። ቀይ የደም ሴሎች ራሳቸው እንደ ሚር-451 እና ሚር-16 ባሉት የተሞሉ ናቸው፤ ናሙናው ሲቀዳ ወይም ሲጓጓዝ ሴሎቹ ከፈነዱ ውጤቱ ይዛባል፣ በበሽታው ሳይሆን በመርፌው ምክንያት።

«የማህፀን በር ምርመራ አድርጌያለሁ፣ ይበቃኛል።»
አይበቃም። ያ ምርመራ የሚፈልገው በሩ ላይ ያለውን ለውጥና የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ፣ ኤችፒቪን ነው። የውስጠኛው ሽፋን ካንሰር በአብዛኛው ኢስትሮጅን ከተባለው የሴት ሆርሞን ብዛት፣ ከውፍረትና ከዘር ከሚወረስ ችግር ጋር የተያያዘ ነው።

«ካረጥኩ በኋላ ትንሽ ደም ቢታየኝ ምን አለበት፣ አበባዬ ተመልሶ ነው።»
እባካችሁ ይህንን አትቀበሉ። ካረጡ በኋላ ይህ ካንሰር ከሚይዛቸው ሴቶች 90 በመቶ የሚሆኑት ደም ታይቷቸዋል። በሌላ በኩል ደም ከሚታያቸው ውስጥ ካንሰር የሚገኝባቸው ከ10 አንድ ገደማ ናቸው፤ መፍራት ሳይሆን መመርመር ነው የሚያስፈልገው። ጠብታም ብትሆን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆንም።

«አልትራሳውንዱ ሽፋኑ ቀጭን ነው ካለ ነጻ ነኝ።»
ብዙ ጊዜ ያረጋጋል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በጥቁር ሴቶች ላይ ተሠርቶ በ2024 የወጣ ጥናት፣ ካንሰር ከነበረባቸው መካከል ከአሥሩ የአንዷን ያህል ሽፋን ከ5 ሚሊሜትር በታች ሆኖ አግኝቷል። እዚያ ያላችሁ እህቶቼ፣ ደም እያያችሁ «ቀጭን ነው» ተብላችሁ ከተመለሳችሁ ናሙና እንዲወሰድላችሁ ጠይቁ። ዛሬም ካንሰሩን የሚያረጋግጠው በማይክሮስኮፕ የሚታየው ናሙና ነው። ቀጭን ቱቦ በማህፀን በር ይገባል፣ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፤ ሆድ እንደ ወር አበባ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊቆርጥ ስለሚችል ማስታገሻ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ናሙናው ንጹሕ ነው ተብሎም ደሙ ካላቆመ፣ ተመለሱና ማህፀኑ በካሜራ ይታይ በሉ።