አጸግብሮትን ማጥፋትና ጂንን ማጥፋት
በፍለክስ ባላንስ አናሊሲስ፣ ማለትም በሴል ውስጥ በኬሚካዊ አጸግብሮቶች (ሪአክሽኖች) የሚያልፈውን ፍሰት በሒሳብ ሞዴል በሚያሰላው ዘዴ፣ አንድን ኬሚካዊ አጸግብሮት ማጥፋትና አንድን ጂን ማጥፋት በተደጋጋሚ ሲምታቱ ስለሚታይ፣ ልዩነቱን ማስረዳት ተገቢ ነው። አጸግብሮትን ማጥፋት ማለት በእርሱ የሚያልፈውን ፍሰት ዝቅተኛ ወሰንም ከፍተኛ ወሰንም ዜሮ ማድረግ ነው፤ ከፍተኛውን ብቻ ዜሮ ያደረገ ሰው፣ አጸግብሮቱ ወደ ኋላም መሄድ የሚችል ከሆነ፣ በሩን ከአንድ ወገን ብቻ ዘግቷል። ጂን ግን አጸግብሮቱን የሚያካሂደው ኢንዛይም (ፕሮቲን) የሚሠራበት መመሪያ ስለሆነ፣ እርሱን ማጥፋት አጸግብሮቱን የሚያስቆመው ያንኑ ሥራ የሚተካ ሌላ ኢንዛይም ከሌለ ብቻ ነው።

ለምሳሌ በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ትንሹ፣ ኮር በሚባለው ሞዴል ውስጥ ፎስፎፍሩክቶካይኔዝ የተባለውን የስኳር መፍረስ አጸግብሮት ፒኤፍኬኤ እና ፒኤፍኬቢ የተሰኙ ሁለት ጂኖች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ማካሄድ ይችላሉ። ግሉኮስና ኦክስጅን ባለበት አንዱን ጂን ብናጠፋ የተሰላው እድገት በሰዓት 0.874 እንደነበረ ይቆያል፤ ሁለቱንም ወይም አጸግብሮቱን ራሱን ስናጠፋ ግን፣ ፍሰቱ በሌላ መንገድ ስለሚዞር፣ ዜሮ ሳይሆን 0.704 ይሆናል።

እስከዚህ ያለው ንጹሕ ሒሳብ ነውና አያከራክርም። ቁጥሩ ግን እንደ ምግቡ ይለዋወጣል፤ ከዚህም በላይ ስሌቱ ሴሉ ከጉዳቱ በኋላ ምርጡን መንገድ ይይዛል ብሎ ስለሚነሣ፣ በላቦራቶሪ ጂኑን ገና ያጣ ባክቴሪያ ከተሰላው ባነሰ ፍጥነት ሊያድግ ይችላል።