ሳይንሳዊ ልቦለድ ምንድን ነው?

ጅማ ውስጥ ስለ ሳይንሳዊ ልቦለድ ወሬ ብታነሱ ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ፊልም ነው። መንኮራኩር ሲበር፣ ሮቦት ሲዋጋ፣ ከተማ በአንዴ ዶግ አመድ ሲሆን። በትርጉም ፊልም ላደግን ሰዎች ይህ አይገርምም። የዘርፉ ልብ ግን እዚያ አይደለም። መንኮራኩሩና ሮቦቱ ቢወጡም ሳይንሳዊ ልቦለድ ይኖራል።

ነገሩ የሚጀምረው «እንዲህ ቢሆንስ?» ከሚል ጥያቄ ነው። ደራሲው ዛሬ የሌለ ግን ሊኖር የሚችል አንድ አዲስ ነገር ያስገባል። ዳርኮ ሱቪን የተባለው ሐያሲ ይህን አዲስ ነገር «ኖቩም» ይለዋል። ከዚያ በኋላ መዘዙን እስከ ጥጉ መከተል ነው። ተረት ውስጥ ጅብ ቢናገር ማንም «እንዴት?» አይልም። እዚህ ግን አንባቢው ይጠይቃል፦ ማን እንዲናገር አደረገው? በምን ዘዴ? መልሱ እውነት ባይሆንም ማሳመን አለበት።

እስቲ ከደጃችን እንውሰድ። አረቢካ ቡና መነሻው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ለቡና የሚመቸው ቦታ ወደ ደጋው እንደሚሸሽ ተመራማሪዎች ይናገራሉ። አንድ ደራሲ ታሪኩን ከ60 ዓመት በኋላ ጎማ ወረዳ ላይ ይጀምር። ደኑ ውስጥ ቡና የለም። የተረፈው ዘር የአንድ ድርጅት ንብረት ሆኗል፤ ያለ ፈቃድ መትከል ያሳስራል። ታዲያ ለለቀማ የሚመጣው የቀን ሠራተኛ የት ይግባ? ቡናው ሲሸጥ ይደገስ የነበረው ሠርግ በምን ይደገስ? ጎረቤት በምን ሰበብ ይጠራራ? አንዲት እናት ጓሮዋ ውስጥ፣ ከእንሰቱ ጀርባ፣ አንድ እግር ቡና ደብቃ ብታሳድግ ልጇ ይጠቁምባት ይሆን? እዚህ ውስጥ መንኮራኩር የለም። ግን የጠራ ሳይንሳዊ ልቦለድ ነው።

ብዙዎች የዘርፉ መነሻ የሚሉት የእንግሊዛዊቷን ደራሲ የሜሪ ሼሊን «ፍራንከንስታይን» ነው። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1815 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ታምቦራ የተባለ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። በቀጣዩ ዓመት አውሮፓ በጋ አላየችም። ሜሪ ያኔ 18 ዓመቷ ነበር። ጄኔቭ ሐይቅ ዳር ዝናብ ከወዳጆቿ ጋር ቤት አስቀርቷት፣ እስቲ እያንዳንዳችን የሚያስፈራ ታሪክ እንጻፍ ተባባሉ። በዘመኑ ኤሌክትሪክ የሞተ እንቁራሪት እግር ማንፈራገጡ ትልቅ ወሬ ነበር። እሷም ከዚያ ተነሳች። መጽሐፉ በ1818 ስሟ ሳይጠቀስበት ወጣ። ታሪኩ ውስጥ ከሞተ አካል ሕያው ፍጡር የሚሠራው ጠንቋይ ሳይሆን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን የፍጡሩ አስፈሪነት አይደለም። ፈጣሪው ጥሎት ይሸሻል። ፍጡሩ በግድግዳ ስንጥቅ አሾልኮ የአንድ ድሃ ቤተሰብ ጨዋታ እየሰማ ቋንቋ ይማራል። ስለ ሳይንስ የተጻፈ መጽሐፍ ስለ ወላጅነት እንዲህ ሲጠይቅ ልብ ይነካል።

ታዲያ ዘርፉ በሥነ ጽሑፍ ሰፈር ለምን ለረጅም ጊዜ ተናቀ? አንዱ ምክንያት ወረቀቱ ነው። ሂዩጎ ጌርንስባክ በ1926 ለዚህ ዘርፍ ብቻ የሚሆን መጽሔት አሜሪካ ውስጥ ጀመረ። እሱን የመሰሉት መጽሔቶች በርካሽ ወረቀት ይታተሙ፣ ሽፋናቸው ላይም ጭራቅ ይሣልባቸው ነበር። ሐያስያን ሽፋኑን አይተው ውስጡን ፈረዱበት። ዛሬ ያ ፍርድ ብዙ አያስኬድም። የ2007 የኖቤል ተሸላሚ ዶሪስ ሌሲንግ በርካታ ሳይንሳዊ ልቦለዶች ጽፋለች። የ2017ቱ ተሸላሚ ካዙዎ ኢሺጉሮም የሰው አካል መለዋወጫ እንዲሆኑ ስለሚያድጉ ልጆች ጽፏል።

ተጽዕኖው ከመጽሐፍም ያልፋል። የዘርፉ ደራሲ አርተር ክላርክ በ1945 ባሳተመው ጽሑፍ፣ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከምድር ጋር እኩል የሚዞሩ 3 ሳተላይቶች ዓለምን በሙሉ ሊያገናኙ እንደሚችሉ አሰላ። ይህ ልቦለድ አልነበረም፤ ግን ያሰላው ልቦለድ የሚጽፍ እጅ ነው። እዚህ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳም ሆነ መርካቶ፣ ጣሪያ ላይ የምታዩት ዲሽ ሁሉ ወደዚያ ከፍታ ነው የሚያየው።

በእኛ አገር ዘርፉ ገና ጠባብ ነው። በ2015 የወጣው «ክራምስ» የተሰኘ ፊልም ኢትዮጵያ ውስጥ በአማርኛ ተሠርቷል። ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ተውነውበታል። ዓለም ካለቀች በኋላ የዱሮ የፕላስቲክ መጫወቻ እንደ ውድ ቅርስ ይታያል፤ ሰማዩ ላይ ደግሞ የዛገ መንኮራኩር ተንጠልጥሏል። ዳይሬክተሩ ስፔናዊ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ቡና፣ ስለ አፈር፣ ስለ ወባ የሚመራመሩ ወጣቶች አሉ። ከመሃላቸው አንዱ ማታ ማታ ልቦለድ ቢሞክር፣ ረቂቁን ቁጭ ብዬ አነብለታለሁ።